የቤት መሥሪያው ገንዘብ ማሊ ወርቅ ላይ ይዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ነው። እኔና ባለቤቴ ቡና አቅራቢዎች ነን። ታናሽ ወንድሜ ካናዳ ከገባ 14 ዓመት ሆነው። እዚያው ሠርቶ ያጠራቀማት ገንዘብ አለችው፤ ሐሳባችንም በእሷ ኪቶ አካባቢ አባታችን በተወልን ቦታ ላይ ቤት መሥራት ነበር። አሁን ሐሳቡን ቀየረ። የወርቅ ዋጋ ጣሪያ ነክቷል፣ ውጭ አገር ማዕድን የሚያወጡ የካናዳ ኩባንያዎችን አክሲዮን ልግዛበት አለ። አንደኛው ማሊ ውስጥ ወርቅ አለው፣ ሌላኛው ፓናማ ውስጥ መዳብ ነበረው አለኝ። «ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፣ ዋጋቸውም አሁን ወርዷል» ይላል። እናታችን ደግሞ «ነጋዴዋ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን» ብላ እኔ ላይ ጣለችው። እኔ ስለ አክሲዮን ምንም አላውቅም። መንግሥት ቢገለበጥስ? ሕግ ቢቀየርስ? ይሄ ነገር በምን ይመዘናል? — እህት፣ ከሄርማታ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም፣ እህቴ። ስለ አክሲዮን አላውቅም ብለዋል፣ ይሁን። ሕግ በአንድ ሌሊት ሲቀየር ነጋዴ ምን እንደሚውጠው ግን ከጅማ ቡና ነጋዴ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የወንድምዎ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ እሱ ነው።

2001ን ያስታውሱታል። የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ወጥቶ፣ ግብይቱ በምርት ገበያ በኩል ሆነ የተባለበት ጊዜ። ያኔ ከአጎቴ ጋር በአጋሮ መስመር ጀንፈል እንሰበስብ ነበር። ጭነን ስንመጣ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። በድሮው ወረቀት አታልፉም ተባልን። አዲሱ ወረቀት ከየት እንደሚወጣ የሚነግረን ግን አልነበረም። ሦስት ሌሊት መኪናው ሥር አደርን። አጎቴ ጠዋት ጠዋት የአንዱን ጆንያ አፍ ይፈታና እጁን እስከ ክርኑ ይከታል፤ እርጥበት የገባው ቡና ውስጡ ይሞቃል፣ እሱን ነው የሚዳስሰው። በሦስተኛው ቀን እጁን ሲያወጣ ፊቱን አይቼ ገባኝ። ወደ አጋሮ መለስነው፣ እንደገና አስጥተን አደረቅነው፣ በአዲሱ አሠራር በርካሽ ሸጥነው። ከሰርን፣ ግን ሥራው ቀጠለ።

ማዕድን ላይ ይሄ «መለስነው» የሚባል ነገር የለም። ቡና ይጫናል፣ ይራገፋል፣ ሌላ ገዢ ይፈለግለታል። ጉድጓድ አይጫንም። አንድ ኩባንያ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መንግሥት ነው የሚለምነው፤ ና፣ ግብር እቀንስልሃለሁ፣ መሬት እሰጥሃለሁ ይላል። መንገዱ ተሠርቶ፣ ወፍጮው ተተክሎ፣ ያ ሁሉ ቢሊዮን ዶላር መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ለማኝና ተለማኝ ቦታ ይለዋወጣሉ። ኩባንያው ነቅሎ መሄድ አይችልም፣ መንግሥትም ይህን ያውቃል። እና ወንድምዎ መጠየቅ ያለበት «አገሩ ሰላም ነው ወይ?» ብቻ አይደለም። «ብሩ ከተቀበረ በኋላ ይሄ ውል ይጸናል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ፓናማን እንይ፣ ወንድምዎ «ነበረው» ያለውን። ኮብሬ ፓናማ የሚባለው የመዳብ ማውጫ የካናዳው የፈርስት ኳንተም ነው። ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ፈሶበታል። የዓለምን መዳብ 1 በመቶ ያህል ያወጣ ነበር፣ ከፓናማ ኢኮኖሚም 5 በመቶ ገደማ እሱ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር ማን ይዘጋል? ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የአገሪቱ ፓርላማ ከኩባንያው ጋር አዲስ ውል በጥድፊያ አጸደቀ። ኩባንያው በዓመት ቢያንስ 375 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ሕዝቡ ግን ስለ ውሃው፣ ስለ ደኑና ስለዚያ ጥድፊያ ብሎ ለሳምንታት መንገድ ዘጋ። ኖቬምበር 28 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፣ ማውጫው ቆመ። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ የኩባንያው አክሲዮን ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ።

ልብ ይበሉ፣ ይህ የሆነው መፈንቅለ መንግሥት ባለበት አገር አይደለም። ምርጫ ያለው፣ በዶላር የሚገበያይ፣ ባለሀብት የሚወደው አገር ነው። ምልክቱም ቀድሞ ነበር። ያው ፍርድ ቤት የድሮውን ውል ያጸደቀውን እ.ኤ.አ. የ1997 ሕግ፣ በ2017 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎት ነበር። ማውጫው በሙሉ ኃይሉ ማምረት የጀመረው ከዚያ በኋላ በ2019 ነው። ስንጥቅ ያለበት መሠረት ላይ ቤት ተሠራ ማለት ነው። ዋጋው የወረደውም በነጻ አይደለም፤ ወንድምዎ «ወርዷል» ሲልዎት ለምን እንደወረደ ይጠይቁት።

ማሊ ደግሞ ሌላ መልክ አላት። ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ የማዕድን ሕግ ወጣ። ድሮ የመንግሥት ድርሻ ቢበዛ 20 በመቶ ነበር፣ አዲሱ ሕግ የመንግሥትንና የአገሬውን ባለሀብት ድርሻ አንድ ላይ እስከ 35 በመቶ አደረሰው። ከዚያ ድርድር ተጀመረ፣ ድርድሩም የወረቀት ብቻ አልነበረም። በኖቬምበር 2024 የአውስትራሊያው የሪሶሉት ዋና ሥራ አስኪያጅ ባማኮ ለንግግር በሄደበት ተያዘ፤ ኩባንያው 160 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የካናዳው ባሪክ አራት ሠራተኞቹ ታሰሩበት፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ወርቁ ከማውጫው ተወሰደ፣ ሥራም አቆመ። በጁን ፍርድ ቤት ማውጫውን በጊዜያዊ አስተዳዳሪ እጅ አደረገው። በዓመቱ መጨረሻ በኖቬምበር 2025 ታረቁ። አንድ ዓመት ግን ሄደ።

ግን እዚያው ማሊ ውስጥ ቢ ቱ ጎልድ የሚባል ሌላ የካናዳ ኩባንያ አለ፣ ፈኮላ የሚባል ትልቅ የወርቅ ማውጫ ያለው። ከዚያው መንግሥት ጋር በሴፕቴምበር 2024 ተስማምቶ ሥራውን ቀጠለ። ሕጉ አንድ፣ መንግሥቱ አንድ፣ ውጤቱ ለየቅል። ስለዚህ «ማሊ አደገኛ ነው፣ እንትን አገር ደህና ነው» ብሎ በአገር ስም ብቻ መመዘን አያዋጣም። ኩባንያው ከመንግሥት ጋር የሚነጋገርበት አፍ አለው ወይ? በጊዜ ይስማማል ወይስ ይከርማል? ይህም ይመዘናል።

አሁን ወደ ወርቅ ዋጋው እንምጣ። ወንድምዎ ዋጋው ስለወጣ ነው የቸኮለው። አንድ ወቄት ወርቅ በማርች 2025 3,000 ዶላር አለፈ፣ በኦክቶበር 4,000ን ተሻገረ። ነገሩ ያምራል። ግን መንግሥታት ውልን «እንደገና እንየው» የሚሉት መቼ ይመስልዎታል? ዋጋ ሲወጣ ነው። ቡና ሲረክስ ማንም ቢሮዎ አይመጣም። ቡና ሲወደድ ሰርኩላሩ፣ ኬላው፣ ቁጥጥሩ፣ ሁሉም በአንድ ወር ይመጣል። ወርቅም እንደዚያው ነው። ወንድምዎ የተደሰተበት የዋጋ ንረት፣ ያንኑ ውል የሚያፈርሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ሁለቱን አብሮ ካላየ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

በቁጥር እንየው፣ እርስዎ ቁጥር አይፈሩም። አንድ ማውጫ 10 ዓመት ይሠራል እንበል። በየዓመቱ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የመቆም አደጋው 5 በመቶ ብቻ ነው እንበል፣ ትንሽ ይመስላል። 10 ዓመት ሳይቆም የመዝለቅ ዕድሉ ግን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የየዓመቱ አደጋ 10 በመቶ ከሆነ ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ አክሲዮኑ «ርካሽ» የሚባለው ዋጋው ይህ አደጋ ታስቦለት ከሚወጣው በታች ሲሆን እንጂ፣ ከአምናው ዋጋው ሲያንስ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ሙሉ መውረስም አይደለም፤ ቁራሽ ቁራሽ መውሰድ ነው። ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሚወጣው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፈለው፣ ይጨመራል፣ ጥሬውን መላክ ይከለከላል፣ ድርሻ ይጠየቃል። ኢንዶኔዥያ ከ2020 ጀምሮ ጥሬ ኒኬል ወደ ውጭ አይወጣም አለች፤ ዚምባብዌ በ2022 መጨረሻ ጥሬ ሊቲየምን ከለከለች። ለአገሩ ሰው ተገቢ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ጅማ ተቀምጬ ቡናችን ጥሬውን ብቻ መሄዱ የሚቆረቁረኝ ሰው ነኝ፣ ለባለአክሲዮኑ ግን ያው ወጪ ነው። እንዲህ ያስሉት፦ የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ 80 በመቶ የነበረ ወደ 65 ቢወርድ፣ ከሚደርሳቸው ትርፍ ወደ 19 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ወንድምዎ በዚህኛው ስሌትም ኩባንያው ያዋጣኛል ካለ ይናገር፤ ካላዋጣው የገዛው ወርቅ ሳይሆን ተስፋ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ለኩባንያው በጣም የሚጣፍጥ ውል ያስፈራል። ደላላው «መንግሥት ምንም አይወስድም፣ ለ30 ዓመት ግብር ነጻ ነው» ሲል ወንድምዎ ደስ ሊለው አይገባም። አገሬው የተበደለበት ውል ዕድሜው አጭር ነው። ታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ2017 አካሺያ የሚባለውን የወርቅ ኩባንያ የ190 ቢሊዮን ዶላር ግብር ጠይቃው ነበር፣ ሰው ማመን አቃተው። መጨረሻ ላይ እናት ኩባንያው ባሪክ 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል፣ 16 በመቶ ድርሻ ለመንግሥት ለመስጠትና ጥቅሙን እኩል ለመካፈል ተስማማ። ትልቁ ባሪክ ተርፎ ቀጠለ። የአካሺያ ትናንሽ ባለአክሲዮኖች ግን አክሲዮናቸው ከወደቀ በኋላ በ2019 ባሪክ ጠቅልሎ ገዛቸው። ወንድምዎ ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ያስብበት፤ ትንሽ ገንዘብ ይዞ የገባ ሰው ከትንንሾቹ ነው።

የአካባቢው ሰው ነገርም አለ። ይህን ለማየት ፓናማ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ጉጂ፣ ለገደንቢ የወርቅ ማውጫ ላይ ነዋሪው ስለ ጤናውና ስለ ብክለቱ ተቃውሞ አንስቶ በእኛ አቆጣጠር በ2010 መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ሚኒስቴር የፈረመውን ወረቀት ገበሬው ካልተቀበለው ፊርማው አይበቃም።

እና ለወንድምዎ ይህን ይንገሩት። የካናዳ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርታቸው ሴዳር ፕላስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። የሥዕልና የፈገግታ ገጹን ይለፈው። «የአደጋ ምክንያቶች» የሚለውን ክፍል፣ ከዚያም በሒሳቡ ማስታወሻ ውስጥ ከመንግሥት ጋር ያለ ክርክር የተጻፈበትን ያንብብ፤ እውነቱ እዚያ በትናንሽ ፊደል ነው ያለው። ከኩባንያው ገቢ ስንቱ ከአንድ ማውጫ እንደሚመጣ ይፈልግ፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ ኩባንያ ሳይሆን የአንድ አገር ፖለቲካ ነው የሚገዛው። ፈቃዱ መቼ እንደሚያልቅ ይይ፤ እድሳትና ምርጫ አንድ ዓመት ላይ ከገጠሙ ይጠንቀቅ። አገሩ ባለፉት አምስት ዓመታት የማዕድን ሕጉን ስንቴ ቀየረ? ይህን ሁሉ ለማንበብ ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል። ሁለት ቅዳሜ ካልሰጠው ገንዘቡንም አይስጠው።

ቁርጡን ንገረኝ ካሉኝ፣ የቤቱን ገንዘብ አይንካ። የቤት ገንዘብ የቤተሰቡ ሁሉ ተስፋ ነው፣ እናትዎ ያሉበት ነው። ከእሱ የተረፈ፣ ቢጠፋ ቤተሰቡ የማይናወጥበት ገንዘብ ካለው ይሞክር፤ እሱንም አንድ ማውጫ ላይ አይከምረው፣ በተለያዩ አገሮች ብዙ ማውጫ ያላቸው ኩባንያዎች አሉ። ሌላም አለ። ከዚህ ብር ጨምሩልኝ ካለዎት እሺ አይበሉ። ከአገር ገንዘብ ማውጣት በብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ደንብ ሥር ነው፤ በሰው እጅ፣ በጓሮ የሚላከው ነገር እርስዎንም የንግድ ፈቃድዎንም ጣጣ ውስጥ ይከታል።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሕግ ነው የማጠናው። የውጭ ኢንቨስትመንት አደጋ የተጋነነ ይመስለኛል። ዓለም አቀፍ ግልግል አለ፣ የሁለትዮሽ ስምምነቶች አሉ፣ መንግሥት ቢወርስ ካሳ ይከፍላል። ታዲያ ስጋቱ ምኑ ላይ ነው? — ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፣ ግማሹ መልስም እሱ ውስጥ አለ። ካሳ ይፈረዳል፣ አዎ። ጊዜውን ግን ቁጠረው።

ፓኪስታን ውስጥ፣ ባሎቺስታን፣ ሬኮ ዲክ የሚባል ትልቅ የመዳብና የወርቅ ቦታ አለ። ባሪክና የቺሊው አንቶፋጋስታ በጋራ የያዙት ኩባንያ ፈልጎ ካጠናው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የማውጫ ፈቃድ ተከለከለ። በዓለም ባንክ ሥር ወዳለው የኢንቨስትመንት ግልግል ማዕከል፣ ኢክሲድ ወደሚባለው፣ ሄዱ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ2019 ወደ 5.8 ቢሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። ለፓኪስታን ኢኮኖሚ ከባድ ገንዘብ ነው፣ እንዲሁ ተቆጥሮ አልተከፈለም። በ2022 እንደገና ድርድር ሆነ፤ ባሪክ 50 በመቶ ይዞ ተመለሰ፣ አንቶፋጋስታ 900 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት።

ክሪስታሌክስ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ ጉዳይ ደግሞ የከፋ ነው። ቬኔዝዌላ ውስጥ ላስ ክሪስቲናስ የሚባል የወርቅ ቦታ ነበረው፣ ውሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ራሱ ከአበዳሪዎቹ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ2016 1.2 ቢሊዮን ዶላርና ወለድ ተፈረደለት። ከዚያ ማስፈጸሙ መጣ፤ የቬኔዝዌላን ንብረት አሜሪካ ደላዌር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ለዓመታት ሲያሳድድ ኖረ። ሲፈረድ ደግሞ ቀድሞ የሚወስደው አበዳሪውና ለክርክሩ ገንዘብ ያበደረው ነው፤ ተራው ባለአክሲዮን ከኋላ ነው የሚሰለፈው።

ስለዚህ ግልግል ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ዋና ሥራው መንግሥትን ወደ ድርድር ጠረጴዛ መመለስ ነው። ለትልቁ ኩባንያ ዱላ ነው፣ ለትንሹ ባለአክሲዮን ግን የአሥር ዓመት ጥበቃ። ሚጋ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በዓለም ባንክ ሥር ያለ ተቋም፣ ለፖለቲካ አደጋ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ እሱም ለባለፕሮጀክቱና ለአበዳሪው ባንክ እንጂ በገበያ አክሲዮን ለገዛ ሰው አይደለም። ለትምህርትህ ደግሞ ይህን ተመልከት፤ ኢትዮጵያ የኢክሲድን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1965 ፈርማለች፣ እስካሁን አላጸደቀችም። የግልግል ውሳኔን ስለማስፈጸም የሚለውን የኒውዮርክ ስምምነት ግን በ2020 ተቀላቅላለች። የእስራኤሉ ኩባንያ አይ ሲ ኤል እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አገራችን ከነበረው የዳናክል ፖታሽ ፕሮጀክቱ የወጣው የግብር ክርክርና የመሠረተ ልማት ጉዳይ አንስቶ ነው። ሌላውን አገር ስንመዝን የራሳችንንም በዚያው ሚዛን ብናደርገው ጥሩ ጽሑፍ ይወጣሃል፣ መመረቂያ ርዕስ ካልመረጥክ አስብበት።

ጥያቄ፦ ከአጂፕ ሰፈር ነው የምጽፈው፣ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ቴሌግራም ላይ ኮንጎ የወርቅ ማውጫ አለን የሚሉ ሰዎች አሉ። 2,000 ብር ካስገባህ በቀን 150 ብር ይገባልሃል ይላሉ። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ወጥቶለታል። ሕግ ቢቀየር ብሬን አጣለሁ ወይ?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ይሄ የሕግ መቀየር ጉዳይ አይደለም። 150 ብር ከ2,000 ላይ በቀን 7.5 በመቶ ነው፤ በ14 ቀን ዋናህ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በዓለም ላይ ይህን የሚከፍል የወርቅ ማውጫ የለም፣ ኮንጎም፣ ካናዳም። እውነተኛ ማውጫ ከፍለጋ እስከ መጀመሪያዋ ወርቅ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ለጓደኛህ የወጣለት ከእሱ በኋላ የገባው ሰው ብር ነው፣ ምናልባትም ነገ ያንተ። አታስገባ። ጓደኛህም ዛሬ ማውጣት የሚችለውን ያውጣ፤ «ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ክፈል» ካሉት አይክፈል፣ የላከበትን ደረሰኝና የተጻጻፉትን ሁሉ ይዞ ባንኩ ጋ ከዚያም ፖሊስ ጋ ይሂድ።